ለበጉ ያልፈቀደ ሕግ ለወፏ ለምን ፈቀደ?

በእንግሊዝ ገጠር አንድ አጥር ብቻ የሚለያቸው ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንደኛው በግ አርቢ ነው፤ ኑሮው ከመንጋው ላይ ነው። ሁለተኛው ሰፊ መሬትና ደን ያለው ባለጸጋ ነው። ባለጸጋው በመሬቱ ላይ ፌዘንት የተባለችውን ቆቅ መሳይ ወፍ ያረባል። ወፏ የምትረባው በዋናነት ለአደን ነው፤ የአደኑ ወቅት ሲደርስ ገንዘብ ከፍለው የሚመጡ እንግዶች ጠመንጃ ይዘው ይሰለፋሉ፣ ወፎቹ ከጫካ እየተባረሩ ይነሣሉ፣ እንግዶቹም በአየር ላይ ይጥሏቸዋል።

በጎች በሚወልዱበት ወር ቀበሮ መጥታ ከበግ አርቢው ሁለት ግልገል ወሰደች። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ አጥሩን ተሻግራ ከባለጸጋው ወፎች በላች። ሁለቱም ሰዎች ቀበሮዋ የምትገባበትን ጉድጓድ ያውቁታል። ሁለቱም ቤት ጉድጓድ ገብቶ ቀበሮ የሚያስወጣ ትንሽ ቴሪየር ውሻ አለ።

በግ አርቢው ውሻውን ጉድጓድ ቢያስገባ ወንጀለኛ ነው። ባለጸጋው የተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎችን አሟልቶ ቢያስገባ ግን ሕግ አይነካውም።

ጎረቤታሞቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ ሕጉ ግን እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው፣ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው በውሻ ማደንን የሚከለክል ሕግ በመጀመሪያው አባሪው ላይ ያሰፈረው ይህንኑ ነው። ውሻን ከመሬት በታች ማሰማራት የሚፈቀደው ለአንድ ዓላማ ብቻ ነው፦ አንድ ሰው ለተኩስ አደን የሚያኖራቸውን ወይም የሚጠብቃቸውን ወፎች ከከባድ ጉዳት ለመከላከል። ግልገል በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። የድሃ ቤት ዶሮም የለችም። ለመጥፋት የተቃረቡ፣ መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉ የዱር ወፎች እንኳ ሊተኮስባቸው የሚጠበቁ ካልሆኑ በስተቀር የሉም።

ይህ አንቀጽ በትንሽ ውሻና በትንሽ ጉድጓድ ላይ የተጻፈ ትንሽ ጉዳይ ይመስላል። ይሁንና ሕግ አውጪዎች ጭካኔን እናስወግዳለን ብለው ተነሥተው መጨረሻ ላይ ለማን እንደራሩ ከዚህ አንቀጽ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

▪️ ውሻውና ሥራው

ቴሪየር የሚለው ስም መሬት ከሚል የላቲን ቃል የተገኘ ነው። የውሻው ሥራ በስሙ ውስጥ ተቀምጧል። ቁመቱ አጭር፣ ደረቱ ጠባብ፣ ልቡ ግን ትልቅ ነው። ቀበሮ ባለፈችበት ቀዳዳ ማለፍ፣ በጨለማ ውስጥ ብቻውን ከጥርስ ፊት መቆም፣ ጌታው ሳያየው መሥራት ይችላል። የዛሬ 200 ዓመት ገደማ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቨን ይኖር የነበረው ቄስ ጆን ራስል (1795–1883) ቀበሮ ማደን የሚወድ ሰው ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ጃክ ራስል የሚባለው ውሻ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። የዝርያው ነጭነት የራሱ ምክንያት አለው። ከጉድጓድ ጭቃ ለብሶ የሚወጣን ውሻ ከቀበሮ መለየት ያስፈልግ ነበር።

ሌሎችም አሉ፦ ቦርደር፣ ሌክላንድ፣ ፓተርዴል። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ስም የተሰጠው ቤድሊንግተን አለ። ዛሬ ፀጉሩ በሪባን ታስሮ ሶፋ ላይ የሚተኛው ዮርክሻየር ቴሪየር እንኳ በሰሜን እንግሊዝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አይጥ ገዳይ ነበር። ስለዚህ ቴሪየር የባለጸጋ ብቻ ውሻ ሆኖ አያውቅም። የላብ አደሩ ውሻ ነበር።

የጉድጓዱ ሥራ እንዲህ ነው። በውሻው አንገት ላይ የሬዲዮ ምልክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ይታሰራል። ከላይ የቆሙት ሰዎች ተቀባዩን ይዘው ውሻው የት እንደደረሰና ምን ያህል ወደ ታች እንደወረደ ይከታተላሉ። ውሻው ቀበሮዋን ሲያገኝ ይጮሃል። ከዚያ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ቀበሮዋ በሌላ ቀዳዳ ትወጣለች፤ እዚያ ጠመንጃ ይጠብቃታል። ወይ አትወጣም፤ ጥግ ይዛ ፊቷን ወደ ውሻው አዙራ ትቆማለች። በድሮው ልማድ ይህን ጊዜ አካፋና ዶማ ይመጣል፣ መሬቱ ይቆፈራል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ታች ያሉት ሁለት እንስሳት አፍ ለአፍ ገጥመው ይቆያሉ።

ቴሪየር የሚያሠሩ ሰዎች ውሾቻቸውን በሁለት ይከፍሏቸዋል፤ ራቅ ብሎ እየጮኸ የሚያስጨንቅና ቀርቦ የሚናከስ። ከሕጉ ጋር የተያያዘው የሥነ ምግባር ደንብ የሚፈቅደው የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ነው። የሚጮህ ውሻ አይናከስም የሚለው ተረት እንግሊዝ ውስጥ የሕግ ማሟያ ሆኗል ማለት ይቻላል። ችግሩ ግን መሬት ውስጥ ያለው ውሻ ደንቡን አላነበበም። ቀበሮዋ ፊት ለፊት ከመጣችበት፣ መመለሻው ከጠበበ፣ የጮኸው ውሻ ይናከሳል፤ ይነከሳልም። ጨለማ ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ ከላይ የቆመ ሰው አያይም፤ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው።

▪️ ሁለቱ ፈተናዎች

ሕጉ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማስታወስ ይጠቅማል።

በቶኒ ብሌር ዘመን በውሻ ማደንን መከልከል የእንግሊዝን ፖለቲካ ለዓመታት ያናወጠ ጉዳይ ነበር። በመስከረም 2002 ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ከገጠር ወደ ለንደን መጥተው ሰልፍ ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተቃዋሚዎች ስብሰባ ላይ ወደነበረው የምክር ቤቱ አዳራሽ ጥሰው ገቡ። የላይኛው ምክር ቤት ሕጉን አላጸድቅም ሲል የታችኛው ምክር ቤት ከስንት አንዴ የሚጠቀምበትን ሥልጣኑን መዝዞ ያለ ላይኛው ፈቃድ ሕጉን አሳለፈ። ሕጉ በየካቲት 18 ቀን 2005 ሥራ ላይ ዋለ። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ተከራክሮበት በዚያው ዓመት ዳኞቹ ሕጉ ጽኑ ነው ብለው ወሰኑ። ብሌር ራሱ በኋላ ባሳተመው ማስታወሻው በዚህ ሕግ እንደሚጸጸት ጽፏል።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የተረሳ አንድ ነገር አለ። መንግሥት በ2002 መጨረሻ በሚኒስትር አለን ማይክል አማካይነት ያቀረበው የመጀመሪያ ረቂቅ አብዛኛውን አደን በጅምላ የሚከለክል አልነበረም። ረቂቁ ሁለት ፈተናዎች ነበሩት። የመጀመሪያው የጥቅም ፈተና ነው፦ ይህ አደን ከብትን፣ ሰብልን ወይም ሌላ ንብረትን ከጉዳት ለማዳን በእርግጥ ያስፈልጋል? ሁለተኛው የስቃይ ፈተና ነው፦ ያንኑ ውጤት በአነስተኛ ስቃይ የሚያስገኝ ሌላ መንገድ የለም? ሁለቱን ያለፈ በምዝገባ ፈቃድ ያገኛል፤ የወደቀ ይከለከላል።

የምክር ቤት አባላቱ ይህን መንገድ አልወደዱትም። ሙሉ ክልከላ ፈለጉ፤ ረቂቁንም ቀየሩት። ፈተናዎቹ ተጥለው ክልከላ መጣ፤ ከክልከላው ጋር ደግሞ «ከዚህ በስተቀር» የሚል ዝርዝር ተከተለ። አይጥ በውሻ ማደን በራስ መሬት ወይም በባለመሬቱ ፈቃድ ይቻላል። ጥንቸልም እንዲሁ። ከመሬት በላይ እስከ ሁለት ውሻ ተጠቅሞ ቀበሮን ከተደበቀችበት አስነሥቶ ወዲያው መተኮስ ይቻላል፤ ይህኛው ለበግ አርቢውም ክፍት ነው። ከመሬት በታች ግን ለአደን ወፍ ብቻ። አዳኞች ይህን አንቀጽ የአደን መሬት ጠባቂዎች ፈቃድ ብለው ይጠሩታል፤ ስሙ ራሱ ለማን እንደተጻፈ ይናገራል።

ለፍትሕ ሲባል አንቀጹ የራሱ ገደቦች እንዳሉት መናገር ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ከአንድ ውሻ በላይ አይገባም። መሬቱ የራስ ካልሆነ የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ በእጅ መኖር አለበት፤ ፖሊስ ሲጠይቅም ይታያል። ቀበሮዋ በተቻለ ፍጥነት እንድትወጣና በሚችል ሰው ወዲያው ተተኩሳ እንድትሞት ጥንቃቄ መደረግ አለበት። ውሻው እንዳይጎዳም እንዲሁ። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን እነዚህ ገደቦች በጎ ከሆኑና ጭካኔን በቂ በሆነ መጠን የሚከላከሉ ከሆነ፣ ያው ገደብ ተጥሎበት በግ አርቢው ለምን አልተፈቀደለትም? በቂ ካልሆኑ ደግሞ ባለጸጋው ለምን ተፈቀደለት? ከሁለቱ ጥያቄዎች ቢያንስ አንዱ መልስ ያስፈልገዋል። አንቀጹ ለሁለቱም መልስ የለውም።

▪️ ወፎቹ ፈተናውን ያልፋሉ?

የተጣሉትን ሁለት ፈተናዎች አንሥቶ አንቀጹን መመዘን ነገሩን ያጠራዋል።

መጀመሪያ ጥቅም። ፌዘንት የብሪታንያ አገር በቀል ወፍ አይደለችም። በየዓመቱ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፌዘንቶች በጫጩትነት ተገዝተው ወይም ተረብተው ወደ ደንና ወደ ማሳ ይለቀቃሉ። በአጥር ውስጥ ያደጉ፣ ጠላት የማያውቁ፣ በደንብ መብረር የሚማሩት ከተለቀቁ በኋላ የሆኑ ወፎች ናቸው። ለቀበሮ ይህ ድግስ ነው። አንድ ሰው ደጁ ላይ ገበታ ዘርግቶ ሲያበቃ የመጣውን እንግዳ «ሌባ!» ብሎ ቢጮህ ጎረቤት ምን ይለዋል? የበግ አርቢው ጉዳት የኑሮ ጉዳት ነው። የባለጸጋው ጉዳት ራሱ ባመጣው ብዛት የተፈጠረ የመዝናኛ ንግድ ጉዳት ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን ማንኛውም የጥቅም ሚዛን በጉን ያስቀድም ነበር። ሕጉ በተቃራኒው ሄደ።

የወፍ አርቢዎቹም መከራከሪያ አላቸው፤ ተራ ነገር አይደለም። ቀበሮ ወፍ ካለበት አጥር ከገባች አንዷን በልታ አትሄድም፤ ያገኘችውን ሁሉ ትገድላለች። የተኩስ አደን ለገጠር የሥራ ዕድል ይፈጥራል፤ ለአደን ተብሎ የተጠበቀ ደንና ቁጥቋጦም ለሌሎች ፍጥረታት መጠለያ ይሆናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን እነዚህ መከራከሪያዎች ወፎች እንዲጠበቁ ያስረዱ እንደሆነ ነው እንጂ፣ መጠበቂያው ጉድጓድ የሚገባ ውሻ ይሁን የሚሉ አይደሉም። ጠንካራ አጥር አለ። የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። ጠመንጃ አለ።

ወደ ሁለተኛው ፈተና የሚወስደውም ይኸው ነው። መንግሥት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በሎርድ በርንዝ የሚመራ አጣሪ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ቡድኑ በ2000 ባወጣው ሪፖርት ቀበሮን በውሻ ማሳደድና ከጉድጓድ ቆፍሮ ማውጣት የእንስሳዋን ደኅንነት ክፉኛ ይጎዳል አለ። በሌሊት በመብራት እየፈለጉ በጥሩ ጠመንጃ መተኮስ በአግባቡ ከተሠራ የተሻለ መንገድ እንደሆነም ገለጸ። ይህ ከተባለ ወዲህ የተኩስ መሣሪያዎች በሙቀት የሚያዩ መነጽሮች ተጨምረውላቸዋል፤ በጨለማ ውስጥ ቀበሮን ከውሻ፣ ከበግና ከሰው ለይቶ ማየት ከበፊቱ ቀልሏል።

ሪፖርቱ ለሌላውም ወገን ፍትሐዊ ነበር። በተራራማ አካባቢዎች፣ በተለይ በዌልስ ከፍታዎች፣ በመኪና የማይደረስበት፣ በሌሊት መተኮስ የሚያስቸግርበት ቦታ ስላለ፣ ቀበሮን ከመሸሸጊያዋ ለማስነሣት ውሻ ከሌለ ቀበሮዋ ራሷ በባሰ መንገድ ልትሞት እንደምትችል አስጠንቅቋል። እንግዲህ ለውሻ ሥራ ከሁሉ የጠነከረው መከራከሪያ የዌልስ ተራራ በግ አርቢ መከራከሪያ ነው። ሕጉ ከመሬት በታች ውሻ ማስገባትን የከለከለውም ለዚህኑ ሰው ነው።

የቀበሮው ቁጥር ይበዛል የሚለው ፍርሃትም አንድ ጊዜ ተፈትኗል። በ2001 አፍተግር የተባለው የከብት በሽታ ብሪታንያን ሲመታ በመላ አገሪቱ በውሻ ማደን ለአንድ ዓመት ያህል ቆሞ ነበር። ተመራማሪዎች ከዚያ በፊትና በኋላ የቀበሮ ብዛትን አነጻጽረው በ2002 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ውጤታቸውን አወጡ፤ አደኑ በመቆሙ የቀበሮ ቁጥር ጨመረ የሚያሰኝ ነገር አላገኙም።

▪️ የተረሳው ተጎጂ

በዚህ ክርክር ውስጥ ሁሉም ስለ ቀበሮ ይናገራል፤ ውሻውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከጉድጓድ የሚወጣ ቴሪየር ብዙ ጊዜ ከንፈሩ ተቀዷል፣ አገጩ ተበልቷል፣ ዓይኑ አብጧል። አንዳንዱ በአፈር መደርመስ ተቀብሮ ይቀራል፤ አንዳንዱ በሥር መካከል ተቀርቅሮ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይቆያል። ጉድጓዱ የቀበሮ መስሎ የባጀር ሊሆንም ይችላል። ባጀር ፊቱ ነጭና ጥቁር፣ መንጋጋው እጅግ ብርቱ የሆነ ቆፋሪ እንስሳ ነው፤ በ1992 ሕግ ራሱም ጉድጓዱም የተጠበቀ ነው። ባጀር ጋር የገጠመ ውሻ ቁስሉ በግልጽ ይታወቃል፤ ስለዚህ ጌታው ወደ እንስሳት ሐኪም ከመውሰድ ይልቅ ቤቱ ውስጥ በመርፌና በክር ሊሰፋው ይሞክራል። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በዚህ ምክንያት የተቀጡ ሰዎች አሉ።

ይህን የሚያደርጉት ሁሉም አይደሉም። ውሻቸውን ከልጅ የማይለዩ፣ ከተጎዳ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የሚወዱትን ውሻ ወደማያዩት ቦታ ሰድዶ «ጥንቃቄ አድርጌያለሁ» ማለት ከባድ ነው። ጥንቃቄው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ያበቃል።

▪️ ቴሪየር ምን ይሥራ?

እዚህ ላይ የውሻ አሳዳጊዎቹ ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጉድጓዱ ከተዘጋ ዝርያው ምን ይሆናል? ለሥራ የተፈጠረ ውሻ ሥራ ከተነጠቀ የውበት ውድድር አሻንጉሊት ሆኖ አይቀርም?

አይቀርም። ለቴሪየር ከማንም የማይበደረው ሥራ አለው፤ አይጥ።

በእርሻ ጎተራ ውስጥ አይጥ ሲበዛ ገበሬው ያለው ምርጫ ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው መርዝ ያስቀምጣል። የተለመዱት መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። አይጧ መርዙን በልታ ወዲያው አትሞትም፤ ቀናት ይፈጅባታል፣ ውስጥ ውስጡን እየደማች ነው የምትሞተው። እስክትሞት ድረስ ስትንከላወስ ጉጉት ወይም ሌላ አዳኝ ወፍ ይበላታል፣ መርዙም ይተላለፋል። በብሪታንያ ሞተው ከተገኙና ከተመረመሩ የጎተራ ጉጉቶች በአብዛኞቹ ጉበት ውስጥ የዚህ መርዝ ቅሪት ተገኝቷል። በዚህ ላይ መርዙን የለመዱ፣ የማይሞቱ አይጦች በብዙ አካባቢ ተፈጥረዋል።

ከዚህ ጎን ቴሪየሩን አስቀምጡት። ክምሩ ይነሣል ወይም ጭስ ወደ ቀዳዳው ይገባል፣ አይጧ ትወጣለች፣ ውሻው አንገቷን ይዞ አንዴ ይነቀንቃታል፣ አለቀ። በሰከንድ የሚያልቅ ሞት ነው። ጉጉት አይመረዝም፣ የጎረቤት ድመት አይመረዝም። ሰውየው የሚሆነውን ሁሉ በዓይኑ ያያል፤ ውሻውንም በማንኛውም ጊዜ መጥራት ይችላል። በኒው ዮርክ ማንሃታን ውስጥ እንኳ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ማታ ማታ ቴሪየርና ሌላ ውሻ ይዘው በቆሻሻ መጣያዎች አካባቢ አይጥ የሚያድኑ ሰዎች አሉ።

ሁለቱን ፈተናዎች እዚህ ላይ መልሰን ብናነሣቸው መልሱ ይለያል። ጥቅም አለው፤ አይጥ እህል ያበላሻል፣ በሽታ ያስተላልፋል። ስቃዩም ከአማራጩ ያነሰ ነው። ያው ውሻ፣ ያው ጥርስ፣ ግን ፍርዱ ሌላ ነው።

ዓላማው ሲለወጥ ደግሞ ፍርዱ እንደገና ይለወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ በመጠጥ ቤቶች ምድር ቤት አይጦችን በአጥር ውስጥ አጉሮ፣ ቴሪየር ለቅቆ፣ በሰዓት እየለኩ መወራረድ የተለመደ ነበር። በ1823 ቢሊ የተባለ ውሻ 100 አይጥ በአምስት ደቂቃ ተኩል ገደለ ተብሎ ዝናው ናኘ። ፓርላማው በ1835 በሬንና ድብን በውሻ ማስነከስ ሲከለክል የአይጡ ውርርድ ለአሠርት ዓመታት ቀጠለ። ለአይጥ የሚሟገት አልነበረማ። ጎተራ ውስጥ ያለው ሥራና መጠጥ ቤት ያለው ጨዋታ አይጧን በአንድ ዓይነት ጥርስ ይገድሏታል፤ አንዱ ግን ለማዳን ነው፣ ሌላው ለማየት። ሕግ ይህን ልዩነት ማየት ካልቻለ ምንም አያይም።

▪️ በቀዳዳው የሚገባው

የአደን ወፎች አንቀጽ ሌላም ጉዳት አለው፤ ሌላውን ሕግ ያዳክማል።

ከክልከላው በኋላ ብዙ የአደን ማኅበራት «እኛ ቀበሮ አናድንም፤ አስቀድሞ በመሬት ላይ የተጎተተ ሽታ እንከተላለን» ብለው ፈረስና ውሻቸውን ይዘው ቀጠሉ። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ከነዚህ ሰልፎች ኋላ በባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ቴሪየር በሳጥን፣ አካፋ በጀርባ የያዙ ሰዎች ሲከተሉ ብዙ ጊዜ ታይተዋል። የተጎተተ ሽታ ጉድጓድ አይገባም። ሽታን በአካፋ የሚያወጣ የለም። ታዲያ ቴሪየሩ ምን ሊሠራ መጣ?

ፖሊስ ሲጠይቅ የተዘጋጀ መልስ አለ፦ «የአካባቢውን የአደን ወፎች ለመጠበቅ ነው፤ ፈቃዱ ይኸው።» ወረቀቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ወፎቹም ሊኖሩ ይችላሉ። መርማሪው ግን የሰውየው ውሻ ጉድጓድ የገባው ለወፎቹ ይሁን ለጨዋታው በምን ይለያል? ዓላማ በልብ ውስጥ ነው፤ ሥራው በመሬት ውስጥ ነው። ሁለቱም አይታዩም።

ሕግ የሚፈተነው በዋናው አንቀጹ አይደለም። ዋናው አንቀጽ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ «ማንም ሰው…» ብሎ ይጀምራል። የሕግ እውነተኛ ፊት የሚታየው «ከዚህ በስተቀር» ከሚለው በታች ነው። ማን እንደለመነ፣ ማን እንደተሰማ፣ ማን በር ላይ እንደቀረ እዚያ ተጽፏል። ማንኛውንም አዋጅ በየትም አገር የሚያነብ ሰው ከኋላ ቢጀምር ብዙ ይማራል።

▪️ ምን ይደረግ?

በ2024 ምርጫ ያሸነፈው የሌበር ፓርቲ በማኒፌስቶው የተጎተተ ሽታ መከተልን እንደሚከለክል ቃል ገብቷል። ይህን ቃል ለመፈጸም የአደን ሕጉ ዳግም መከፈቱ አይቀርም። ሲከፈት ትልቁ ጩኸት በፈረሰኞቹ ላይ እንደሚሆን ከወዲሁ መገመት ይቻላል፤ ቀይ ኮት ለፎቶግራፍ ይመቻል። በጭቃ ውስጥ ያለው ትንሽ አንቀጽ ግን እንደገና ሊታለፍ ይችላል።

መታለፍ የለበትም። የአደን ወፎች አንቀጽ መሰረዝ አለበት። ጉድጓድ ውስጥ ውሻ ማስገባት በተኩስ ለሚገደል ወፍ ሲባል የሚፈቀድ ነገር መሆን የለበትም። በሌላ መንገድ መከላከል የማይቻልበት ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ ግልገሉ በየዓመቱ የሚበላበት የተራራ በግ አርቢ፣ የተጣሉት ሁለት ፈተናዎች ተመልሰው ይምጡ። አመልካቹ ጉዳቱን ያሳይ፣ ጠመንጃና አጥር ለምን እንዳልሠሩ ያስረዳ፣ ለተወሰነ ቦታና ጊዜ ፈቃድ ይሰጠው፣ ውጤቱን ይመዝግብ። ይህ ሥራ ይበዛል የሚል ካለ ልክ ነው፤ ይበዛል። ሁለት እንስሳትን በጨለማ ውስጥ ማጋጠም ቀላል ነገር መሆን የለበትም።

የጎተራው ቴሪየር ግን ይተው። እሱ ወንጀል የለበትም። መርዙን የሚያስቀር፣ ጉጉቱን የሚያድን፣ በሰው ዓይን ፊት የሚሠራ ውሻ ነው። ዝርያውን ለመጠበቅ የሚፈልጉ አሳዳጊዎች ከጉድጓዱ ይልቅ በጎተራው ቢሟገቱ ብዙ ወዳጅ ያገኛሉ። በእንስሳት መብት የሚሟገቱትም ሁለቱን ሥራ በአንድ ቅርጫት ከመክተት ቢቆጠቡ ገበሬው ይሰማቸዋል።

በአገራችን «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» ይባላል። የእንግሊዙ ቴሪየር ከእርሻ ጋር ብዙ ያገባዋል፤ ጎተራው የእርሻ ነው፣ በጉም የእርሻ ነው። ከተኩስ ድግስ ጋር ያጋባው ግን ሕጉ ነው።

አጥሩ ጋ የቆመው በግ አርቢ ሁለት ግልገሉን ቀብሮ ማዶውን ያያል። ማዶ፣ ወረቀቱን በኪሱ የያዘ ሰው ውሻውን ወደ ጉድጓዱ ይሰድዳል። ቀበሮዋ አንድ ናት፤ ጉድጓዱም አንድ ነው። ለዚያ በግ አርቢ «ይህ ሕግ የወጣው ለእንስሳት በማዘን ነው» ብሎ ፊቱን እያየ ማስረዳት የሚችል የምክር ቤት አባል ካለ፣ አንቀጹ እንዳለ ይቆይ። ከሌለ ግን ይሰረዝ።